ፕሮጀክቱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? የካርቦን ክሬዲት ማረጋገጫ ከላስ ቬጋስ እስከ ሁምቦ

የላስ ቬጋስ መብራት ከየት እንደሚመጣ ለሚጠይቅ ሰው ዛሬ ደኅና መልስ አለ። የከተማው አስተዳደር ሕንፃዎቹንና የመንገድ መብራቶቹን ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል መሸፈኑን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በ2021 ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ድራይ ሌክ በተባለው በረሃ፣ 323,000 የፀሐይ ሰሌዳዎች የተዘረጉበት 100 ሜጋ ዋት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጣቢያው የኤምጂኤም ሪዞርትስ 13 ሆቴሎች ቀን ቀን ከሚፈልጉት ኃይል እስከ 90 በመቶ እንዲሸፍን የታሰበ ነው። በ2024 ሱፐር ቦውል በአሌጂያንት ስታዲየም ሲካሄድም ኤሌክትሪኩ ከኔቫዳ ፀሐይ መምጣቱ በኩራት ተነግሯል።

ከተማዋ ግን የምትኖረው በእንግዳ ነው። በ2023 ከ40 ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎች ገብተውባታል፤ በሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ 57.6 ሚሊዮን መንገደኞች አልፈዋል። ከእነዚህ መንገደኞች ቀላል የማይባለውን ቁጥር ወደ ሆቴሉ የሚያደርሱት ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ናቸው። ክላርክ ካውንቲ በዚያው በ2023 ለአንድ ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል መጠሪያ የሰጠውም የወገኖቻችን ቁጥር እዚህ ስለበዛ ነው። የአውሮፕላኑን ነዳጅ ግን የትኛውም የፀሐይ ሰሌዳ አይተካውም። ስለዚህ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ድርጅት፣ አየር መንገድ ወይም ትልቅ ኩባንያ «ጉዟችን አየሩን አልጎዳም» ለማለት ሲፈልግ ሌላ ነገር ይገዛል፤ የካርቦን ክሬዲት። አንድ ክሬዲት ማለት አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ቦታ ላይ፣ በሌላ ሰው ሥራ፣ ከመለቀቅ ተረፈ ወይም ከአየር ተሰበሰበ ማለት ነው። ያ ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ያለ አገር ነው። ገዢውን የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ በፈቃዱ ነው። ሕግ በሌለበት ደግሞ ቶኑ በእርግጥ መኖሩን የሚመሰክረው ማን ነው? ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን ምስክር ነው።

ምስክሮቹ የግል ድርጅቶች ናቸው። ትልቁ መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገው ቬራ ነው። መለኪያው በ2005 ተጠንስሶ ድርጅቱ ቬራ የሚለውን ስም የያዘው በ2018 ሲሆን፣ እስካሁን ከአንድ ቢሊዮን በላይ ክሬዲት አውጥቷል። ጎልድ ስታንዳርድን የዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ፈንድና ሌሎች የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች በ2003 መሠረቱት፤ መቀመጫው ጄኔቫ ነው። በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው አሜሪካን ካርቦን ሬጅስትሪና የሎስ አንጀለሱ ክላይሜት አክሽን ሪዘርቭ አሉ። ፕላን ቪቮ ደግሞ አነስተኛ ገበሬዎች ላይ ያተኩራል።

አሠራራቸው ይመሳሰላል። የፕሮጀክቱ ባለቤት ከድርጅቱ የስሌት ዘዴዎች አንዱን መርጦ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ገለልተኛ የተባለ ኦዲተር ሰነዱን ይመረምራል፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ኦዲተር ተመልሶ ውጤቱን ይለካል፤ ከዚያ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ቶን መለያ ቁጥር ሰጥቶ መዝገብ ላይ ያወጣል። ገዢው ሲጠቀምበት ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ «ጥቅም ላይ የዋለ» ተብሎ ይዘጋል፤ ሁለተኛ እንዳይሸጥ።

መመዘኛዎቹም ተቀራራቢ ናቸው። ሥራው ያለ ካርቦን ገንዘብ አይሠራም ነበር ወይ፣ የተጠበቀው ካርቦን ለረጅም ጊዜ ይቆያል ወይ፣ የደን ጭፍጨፋው ወደ ጎረቤት ቀበሌ ብቻ ሸሽቶ ይሆን ወይ፣ ያው ቶን ሁለት ቦታ ተቆጥሮ ይሆን ወይ? ሰነዶቹ በመቶዎች ገጽ የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ ግን ነገሩን በመረመርኩ ቁጥር ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ ሲመለስ አያለሁ፦ ፕሮጀክቱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ባለሙያዎቹ ቤዝላይን ይሉታል። የሚለካው ነገር በዓይን የሚታይ ነው፤ ቤዝላይኑ ግን ያልሆነ ነገር ግምት ነው። ክሬዲቱ የሁለቱ ልዩነት በመሆኑ፣ ግምቱን የሚጽፈው ሻጩ ከሆነ የሸቀጡን ብዛት የሚወስነውም እርሱ ነው። የማረጋገጫዎቹ ሁሉ ጥንካሬና ድክመት እዚህ ላይ ይለያል።

በላስ ቬጋስ ደጃፍ ያለው ፀሐይ ለዚህ ቀላሉ ምሳሌ ነው። ኔቫዳ ውስጥ የፀሐይ ጣቢያ ለመሥራት የካርቦን ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም። የክልሉ ሕግ የኤሌክትሪክ አቅራቢዎች በ2030 ግማሹን ኃይል ከታዳሽ ምንጭ እንዲያገኙ ያዛል፤ የፌዴራል መንግሥት ለዓመታት የግብር ቅናሽ ሲሰጥ ኖሯል፤ ሰሌዳውም ረክሷል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ጥሩ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን ክሬዲት ተሸጠም አልተሸጠም ነው። የማረጋገጫ ድርጅቶቹን ራሳቸውን ለመመዘን የተቋቋመውና በ2023 አሥር መርሆዎችን ያወጣው ዓለም አቀፍ የገበያው ምክር ቤት በነሐሴ 2024 የደረሰበት ውሳኔ ይኸው ነው። ነባሮቹ የታዳሽ ኃይል የስሌት ዘዴዎች መርሆዎቹን አያሟሉም አለ። ውሳኔው ወደ 236 ሚሊዮን ክሬዲቶችን፣ ማለትም ከገበያው አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን የሚነካ ነው። ክሬዲቶቹ ሁሉ ቀደም ሲል ማረጋገጫ የተሰጣቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ወላይታ እንሂድ። የሁምቦ ተራሮች ለአሥርተ ዓመታት ተራቁተው ኖረዋል፤ ጎርፍ አፈሩን ወደ ታች ይጠርገው ነበር። በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የጀመረው ሥራ በአብዛኛው ችግኝ መትከል አልነበረም። ከመሬት በታች በሕይወት የቆዩትን ጉቶዎችና ሥሮች ከብትና መጥረቢያ እንዳይነካቸው መከለል፣ ሲያቆጠቁጡም ቅርንጫፍ እየመለመሉ ማሳደግ ነበር። ዘዴውን በኒጀር ያስፋፋው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቶበታል። 2,728 ሄክታር መሬት ተከለለ፤ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ባለይዞታ ሆኑ። ፕሮጀክቱ በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መርሐ ግብር ተመዘገበ፤ በ2012 በመርሐ ግብሩ ክሬዲት የተሰጠው የመጀመሪያው የአፍሪካ የደን ፕሮጀክት ሆነ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን እንደሚሰበስብ ተገመተ። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ለማኅበራቱ ከ700,000 ዶላር በላይ ያስገኛል ተባለ።

ሁምቦን የማነሳው ቤዝላይኑ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ፕሮጀክቱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር ቢባል መልሱ ያው ራቁት ተራራ ነው፤ ገምቱልን የሚባል የተወሳሰበ ነገር የለም። ዛሬ ላይ የቆመው ዛፍ ተቆጥሮ፣ ግንዱ ተለክቶ ይታወቃል። ይህን ያህል ጥርት ያለ ሥራ ግን በገበያው ላይ ምን አገኘ? ሂሳቡን ብንሠራው በቶን ከአራት ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። የመርሐ ግብሩ የደን ክሬዲቶች ደግሞ ጊዜያዊ ነበሩ፤ ዛፍ ሊቃጠል ይችላልና ቀናቸው ሲያልፍ ገዢው በሌላ መተካት ነበረበት። የአውሮፓ ኅብረት ገበያ ከነጭራሹ አልተቀበላቸውም። የጎረቤቱ የሶዶ የደን ፕሮጀክት የፈቃደኝነቱን ገበያ መንገድ ያዘ፤ መጀመሪያ ካርቦንፊክስ በተባለው መለኪያ፣ ጎልድ ስታንዳርድ ካርቦንፊክስን ከጠቀለለው በኋላም በእርሱ ሥር። ገበሬው ሠላሳ ዓመት ለማይነካው መሬት የገባው ቃል ከባድ ነው፤ በልዋጩ የተሰጠው ግን ቃሉን አይመጥንም። ማረጋገጫው ቶኑን መዘነ፤ ዋጋው ፍትሐዊ መሆኑን መመዘን የሥራው ድርሻ አልነበረም።

የባሌ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በባሌ ተራሮች ዙሪያ፣ የዱር ቡና የሚበቅልበትን የሐረና ደን ጨምሮ፣ የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ከፋርም አፍሪካና ከኤስ ኦ ኤስ ሳህል ኢትዮጵያ ጋር የጀመረው ፕሮጀክት በቬራ የተመዘገበ ነው፤ የክሬዲት ዘመኑ ከ2012 ይጀምራል። መሠረቱ አሳታፊ የደን አስተዳደር ነው። የደኑ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ደኑን ይጠብቃሉ፤ ማርና ቡናውን ይጠቀማሉ። ሥራው እጅግ የሚያስከብር ነው። ክሬዲቱ የሚወጣው ግን «ካልጠበቅነው ይህን ያህል ይጨፈጨፍ ነበር» ከሚል ትንበያ ነው። ወደፊት ሊሆን የሚችለውን ጭፍጨፋ ካለፈው ተነሥቶ መተንበይ የትም አገር አከራካሪ ነው።

ክርክሩ የፈነዳው በጥር 2023 ነው። ዘ ጋርዲያን፣ ዲ ሳይትና ሶርስማቴሪያል በጋራ ባወጡት ምርመራ ከቬራ የዝናብ ደን ክሬዲቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እውነተኛ ቅነሳን አይወክሉም አሉ። በነሐሴ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሞ የወጣ ጥናት ደግሞ በስድስት አገሮች ያሉ ፕሮጀክቶችን ከተመሳሳይ ግን ካልተጠበቁ ደኖች ጋር አነጻጸረ። ሊያወጧቸው ከታቀዱት ክሬዲቶች በተጨባጭ ከተረፈ ደን ጋር የተያያዙት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ኢትዮጵያ በጥናቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ባሌም አልተመረመረም። ቬራ የጥናቶቹን ስሌት አጥብቆ ተቃወመ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ከኃላፊነት ለቀቁ። በ2022 ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ የነበረው የፈቃደኝነት ገበያ በ2023 ወደ 723 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ዋጋው ሲወድቅ ደኅናው ፕሮጀክትም ከደካማው ጋር አብሮ ወደቀ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በሌላው ግምት ስህተት የሚቀጣው ሌሊት ደን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው እርምት ግን ትክክለኛውን ቦታ የነካ ነው። ቬራ በኅዳር 2023 ባወጣው አዲስ ዘዴ የጭፍጨፋ ቤዝላይኑን ባለፕሮጀክቱ ለራሱ መጻፉ ቀርቶ፣ ለመላው ክልል ወይም አገር ከተሠራ መረጃ ላይ ተከፋፍሎ የሚሰጠው ቬራ ራሱ ሆነ። ዓለም አቀፉ ምክር ቤትም በኅዳር 2024 ይህን ዘዴ አጸደቀ። ከሻጩ እጅ ብዕሩን መውሰድ ከሌሎቹ ለውጦች ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በማከፋፈል የሚገኘው ክሬዲት ደግሞ ከደኑም የባሰ አስቸጋሪ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ምርጥ ምድጃ፣ ላቀችና ጎንዚዬ የታወቁ ናቸው። በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዶ እንጀራ መጋገር ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅና ጭሱ ዓይንና ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ምርጥ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የክሬዲቱ ስሌት ግን ግምት በግምት ላይ ይደራረብበታል። ምድጃውን ያገኘችው እናት በየቀኑ ትጠቀምበታለች ወይስ በዓል ሲመጣ ወደ ጉልቻው ትመለሳለች? ቀድሞ ስንት ሸክም እንጨት ትፈጅ ነበር? ከሚነደው እንጨትስ ስንት እጁ ተመልሶ የማይበቅል ነው? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ የንጹሕ ልማት መርሐ ግብሩ ለኢትዮጵያ የሰጠው የተዘጋጀ ቁጥር 88 በመቶ ነበር። በ2015 በኔቸር ክላይሜት ቼንጅ የወጣ ጥናት ግን ለሞቃታማው ዓለም በጠቅላላው ከ27 እስከ 34 በመቶ አደረገው፤ ምሥራቅ አፍሪካ ከፍ ያለ ጫና ካለባቸው አካባቢዎች አንዷ መሆኗን ቢያሳይም። በ2024 መጀመሪያ ኔቸር ሰስተይነቢሊቲ ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የምድጃ ፕሮጀክቶች ከሚገባቸው በአማካይ 9.2 እጥፍ ክሬዲት እንዳገኙ ደመደመ። ያው ጥናት አጠቃቀሙን በቆጣሪ የሚለካው የጎልድ ስታንዳርድ ዘዴ ለእውነቱ እጅግ የቀረበ መሆኑንም አሳየ። በመላ ምት ፋንታ ቆጣሪ ሲገባ ግነቱ ቀነሰ።

ከግምት አልፎ ወንጀል የተባለም አለ። በጥቅምት 2024 የኒው ዮርክ ፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ፣ ሲ ኩዌስት ካፒታል የተባለው የምድጃ ፕሮጀክቶች ድርጅት የቀድሞ መሪ የመስክ ቅኝት መረጃ በማዛባት ሚሊዮኖች ክሬዲት አግኝተዋል ሲሉ ክስ መሠረቱ፤ ሌላ የቀድሞ ኃላፊ ጥፋታቸውን አምነዋል። ጉዳዩን ለባለሥልጣናት ያሳወቀው ድርጅቱ ራሱ ነበር። ክሬዲቶቹ በኦዲተርና በቬራ መዝገብ አልፈው የወጡ መሆናቸው ግን አይረሳም። ኦዲተሩን የሚመርጠውና የሚከፍለው ባለፕሮጀክቱ ነው፤ መዝገቡም የሚተዳደረው በሚወጣው ክሬዲት ልክ በሚሰበስበው ክፍያ ነው። ተማሪ ፈታኙን ራሱ ቀጥሮ የሚከፍልበት ትምህርት ቤት ቢኖር ውጤቱን ማን ያምናል? ኦዲተርን በዕጣ መመደብና ክፍያውን ከጋራ ቋት መስጠት ይቻላል። እስካሁን አለመደረጉ የአቅም ጉዳይ አይመስለኝም።

ስለ ዘላቂነት በአጭሩ። ክላይሜት አክሽን ሪዘርቭ የደን ካርቦን ለ100 ዓመት እንዲጠበቅ ይጠይቃል፤ አሜሪካን ካርቦን ሬጅስትሪ ለ40 ዓመት። እሳት ቢነሳ የሚተካ መጠባበቂያ ቋት ይቀመጣል። ከኔቫዳ አጠገብ ባለችው ካሊፎርኒያ የግዴታ ገበያ ውስጥ ለመቶ ዓመት የእሳት አደጋ የተቀመጠው መጠባበቂያ አሥር ዓመት ሳይሞላ ቢያንስ 95 በመቶው በሰደድ እሳት ማለቁን ካርቦንፕላን የተባለ የምርምር ቡድን በ2022 አሳይቷል። በ2000 የባሌንና የቦረናን ደኖች ያቃጠለውን እሳት የሚያስታውስ ሰው ይህ ለእኛም ሩቅ እንዳልሆነ ያውቃል።

ገዢው የሚናገረውንም ሕግ እየጠበቀው መጥቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መመሪያ፣ ከ2012 ጀምሮ ባለው ቅጂው፣ ክሬዲት ገዛሁ የሚል ድርጅት አስተማማኝ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዲኖረው፣ በሕግ ግዴታ የተደረገን ቅነሳም እንዳይሸጥ ይላል። ካሊፎርኒያ በ2023 ባወጣችው ሕግ ግዛቷ ውስጥ እየሠራ «ካርቦን አልባ ነኝ» የሚል ድርጅት የትኛውን ፕሮጀክት እንደገዛና በየትኛው መለኪያ እንደተረጋገጠ እንዲገልጽ ታስገድዳለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠራ የላስ ቬጋስ ኩባንያም እዚያ ይህን ካለ ሕጉ ይመለከተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2026 ጀምሮ በክሬዲት ብቻ ተደግፎ አንድን ሸቀጥ «ለአየር ንብረት ገለልተኛ» ማለትን ይከለክላል። እነዚህ ሕጎች የገዢውን አንደበት ይገራሉ፤ የሻጩን ገበሬ ድርሻ ግን አይነኩም።

ድርሻው የሚወሰነው አገር ቤት ነው። ኢትዮጵያ መሠረቱን በከፊል ጥላለች። በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው የደን መነሻ መጠን ከ2000 እስከ 2013 በዓመት ወደ 92,000 ሄክታር ደን እንዳጣች፣ የደን ሽፋኗም 15.5 በመቶ እንደሆነ አስልታለች። የ2018ቱ የደን አዋጅ ለማኅበረሰብ ደን እውቅና ሰጥቷል። በ2023 የዓለም ባንክ ለኦሮሚያ የደን መርሐ ግብር እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የፈረመው ውልም በክልል ደረጃ በተሠራ ቤዝላይን ላይ የቆመ ነው። ይህ መንገድ ለየብቻ ከተበተኑ ፕሮጀክቶች የተሻለ ነው፤ ቁጥሩ የሕዝብ ነው፣ ማንም ይመረምረዋል። አረንጓዴ ዐሻራን ለካርቦን ገበያ እናቅርብ የሚል ሐሳብም አልፎ አልፎ ይሰማል። መንግሥት በራሱ በጀትና በሕዝብ ጉልበት ከ2019 ጀምሮ የተከለው ችግኝ ግን ያለ ካርቦን ገንዘብ የተተከለ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ አያልፍም። ችግኙ ጸድቆ መቆየቱን ለመከታተል የሚወጣው አዲስ ገንዘብ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ሊያከራክር ይችላል።

አዲስ አበባ በ2027 የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የካርቦን ውል፣ ቤዝላይኑ፣ የተሸጠበት ዋጋና የማኅበራቱ ድርሻ ተዘርዝሮ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በወላይትኛ ይታተም። የኦዲተሩ ሪፖርት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩ ጉባኤ ይነበብ። በላስ ቬጋስ ሆቴል ወይም ጉባኤ አዘጋጅ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ፣ ድርጅታችሁ ክሬዲት ሲገዛ የመጠየቅ ዕድል ያላችሁ ወገኖች፣ የክሬዲቱን መለያ ቁጥር ጠይቁና በመዝገቡ ላይ ፈልጉት፤ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። ፕሮጀክቱ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር የሚለውን ክፍል አንብቡ፤ ማን እንደጻፈውም እዩ። ቀጥሎም ከገንዘቡ ስንቱ ደኑን ለሚጠብቀው ሰው እንደደረሰ ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ ድርጅታችሁ እንዳይገዛው ንገሩት።